በክፉ ቀን የተወሰደ «እሺ»



«የቸገረው እርጉዝ ያገባል» ይላል ያገራችን ሰው። ስንሰማው ያስቀናል፤ ውስጡ ግን እውነት አለ። ችግር ሰውን በደህናው ቀን የማያደርገውን ያስደርገዋል። በመጽሐፍ ቅዱስም ይህን የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ እናገኛለን። ዔሳው ከዱር ደክሞና ርቦት መጣ። ያዕቆብ ምስር ወጥ ሠርቶ ነበር። ዔሳው ከወጡ እንዲሰጠው ለመነ፤ ያዕቆብ ግን አስቀድሞ ብኩርናውን እንዲሸጥለትና እንዲምልለት ጠየቀው። ዔሳውም ማለ፣ በላ፣ ጠጣ፣ ተነሥቶም ሄደ (ዘፍ. 25፥29-34)።

ይህን ክፍል ስንሰብክ አብዛኛውን ጊዜ የምንወቅሰው ዔሳውን ነው። ልክ ነው፣ ቃሉም ብኩርናውን እንዳቃለለ ይናገራል። ግን ጭልፋውን ስለ ያዘው ሰው ምን ያህል ጊዜ አስበናል? ወንድሙ ሊዝል ሲል ያየ ያዕቆብ መጀመሪያ ሊያበላውና ስለ ብኩርናው ከጠገበ በኋላ ሊያነጋግረው ይችል ነበር። እርሱ ግን የወንድሙን ራብ እንደ መልካም አጋጣሚ ተጠቀመበት። ያዕቆብም በኋላ ለብዙ ዓመታት ከወንድሙ ፊት ሸሽቶ ኖረ።

ዛሬ ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ወሎ፣ ወደ ሐይቅና አምባሰል አካባቢ እንሂድ። የአካባቢው ታሪክ ሰው በተጨነቀበት ቀን ትልቅ ውሳኔ መጠየቅ ምን እንደሚያስከትል ደጋግሞ ያሳየናል።

ቦሩ ሜዳ፣ 1870 ዓ.ም.

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ሐይቅ ከተማ ይደርሳሉ። የከተማዋ ስም የመጣው ከአጠገቧ ካለው ሐይቅ ነው። በዚያ ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞአ ጊዜ የታወቀ የትምህርት ቦታ ነበር። መንገዱ ሐይቅን አልፎ በአምባሰል በኩል ውጫሌን ይዞ ወደ ወልዲያ ይወጣል። በዚህ አገር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተዋልዶና ተጋብቶ፣ በለቅሶና በደስታ ተጠራርቶ ኖሯል።

ከደሴ በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ቦሩ ሜዳ ይገኛል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚያ ታላቅ ጉባኤ ጠሩ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ተገኙ። የጉባኤው አንዱ ጉዳይ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለረጅም ዘመን የቆየውን የሃይማኖት ክርክር መቁረጥ ነበር። ሌላው የወሎ ሙስሊሞች ጉዳይ ነበር። የ3 ዓመት ቀነ ገደብ ተሰጥቷቸው ክርስትናን እንዲቀበሉ ታዘዙ።

ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ያደረጉት በቂ ምክንያት አለኝ ብለው እንደ ነበር መዘንጋት የለብንም። አገሪቱ ገና ከጦርነት መውጣቷ ነበር። የግብፅ ጦር ሁለት ጊዜ መጥቶ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራዕ ላይ ተሸንፏል። ሃይማኖቷ አንድ የሆነ አገር ለጠላት አትበገርም ብለው አስበዋል። የሚያስጨንቅ ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱም የተጨነቀ ነው፤ የያዘው ዓላማ መልካም ስለ መሰለው እጁን ሲያጠብቅ አይታወቀውም።

የወሎ ሰው በበኩሉ ለዓመታት ጦር ሲመላለስበት የደከመ ሕዝብ ነበር። መሪዎቹ እምቢ ቢሉ ሥልጣናቸውን፣ ተራው ሰው እምቢ ቢል ንብረቱንና አገሩን ሊያጣ ነው። ከመሪዎቹ መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። ክርስትና አባታቸው ዐፄ ዮሐንስ ነበሩ፤ እኚህ ሰው በኋላ የወሎ ንጉሥ የሆኑት ራስ ሚካኤል ናቸው። ሌላው መሪ አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ የእርሳቸው ክርስትና አባት ምኒልክ ነበሩ። በሌላ በኩል እንደ ሼህ ጠልሃ ያሉ መምህራን እምቢ ብለው ተነሡ፤ ደምም ፈሰሰ። ብዙ ሰው አገሩን ለቆ ተሰደደ። ከቀሩት መካከልም ቀን ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሌሊት ሙስሊም ሆነው የኖሩ እንደ ነበሩ ይነገራል።

በእያንዳንዱ ሰው ልብ የሆነውን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ራስ ሚካኤል እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ በክርስትና ኖረዋል። ስለ ትእዛዙ ራሱ ግን ልንፈርድ እንችላለን። ቀነ ገደብ ጥምቀትን አበዛ፤ እምነትን መስጠት ግን አልቻለም። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን አሕዛብን እንዲያስተምሩ ልኳቸዋል፣ ቀን ቆርጠው እንዲያስፈራሩ አላዘዛቸውም። ዛሬ ወሎ ላይ ወንጌልን የሚናገር ሰው ይህን ትዝታ ሊያውቅ ይገባዋል፤ በወንጌል ስም የተደረገውን የሚያስታውስ ልጅ ልጅ ፊቱ ቆሞ ሊሆን ይችላልና።

የ77 ራብና የሰፈራው መኪና

ከዚያ በኋላ 107 ዓመት አልፎ 1977 ዓ.ም. ደረሰ። ዝናቡ ቀረ፣ እህል ጠፋ፣ ከብቱ አለቀ። ወሎና ትግራይ ከሁሉ ይልቅ ተመቱ። የኮረምና የባቲ መጠለያዎች ስም በዓለም ሁሉ ተሰማ፤ በጥቅምት 1977 የቢቢሲ ዘገባ ከኮረም ከተላለፈ በኋላ እርዳታ ይጎርፍ ጀመር። ከአሰብ ወደብ እህል የጫኑ መኪኖች በኮምቦልቻና በደሴ አልፈው፣ በሐይቅና በውጫሌ በኩል ወደ ሰሜን ይወጡ ነበር።

በዚያው ወራት መንግሥት ትልቅ የሰፈራ ዘመቻ አወጀ። ዕቅዱ 1.5 ሚሊዮን ሰው ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ማዛወር ነበር። እስከ 1978 ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ 600,000 ያህል ሰው ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ጋምቤላና ወደ መተከል ተወሰደ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው የወሎ ሰው ነበር። ሰው በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪና፣ በሶቪየት ኅብረት አንቶኖቭ አውሮፕላንም ተጓጓዘ።

እስቲ ነገሩን በአንድ ገበሬ ቦታ ሆነን እናስበው። በሬው ሞቷል፣ ዘሩን በልቶታል፣ ምናልባት ልጅ ቀብሯል። ለእህል ሲሰለፍ አንድ ሰው መጥቶ ለምለም መሬት፣ በሬና ቤት እንደሚሰጠው ይነግረዋል። ለአውራጃውና ለገበሬ ማኅበሩ የሰው ኮታ ተሰጥቷል፤ ስም የሚመዘግበው ሊቀ መንበርም ኮታውን መሙላት አለበት። ቦታው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቅ ይሆናል፤ ገበሬው አይቶት አያውቅም። ወባ ያለበት ቆላ መሆኑን፣ በሬ የሚገድል ገንዲ መኖሩን የሚነግረው የለም። ከሄደ በኋላ የአባቱ መሬት ለሌላ እንደሚሰጥም ያውቃል። ሚስቱ በዚያች ቀን ገበያ ሄዳ ከሆነ ላይገናኙ ይችላሉ፤ በእርግጥም ብዙ ቤተሰብ በዚህ መንገድ ተለያይቷል። ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው የማሰቢያ ጊዜ ግን መኪናው እስኪነሣ ብቻ ነው።

በወለጋ ቄቶ የሰፈሩትን የወሎ ሰዎች ያጠኑት አሉላ ፓንክኸርስት በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ነገሩ «በፈቃድ» ወይም «በግድ» ተብሎ በአንድ ቃል እንደማይጠቃለል አሳይተዋል። በግድ የተወሰደ አለ፣ በተስፋ የተታለለ አለ፣ ራቡ አስጨንቆት ራሱ የተመዘገበም አለ። ይህ የመጨረሻው ሰው ነው የዛሬው ጥያቄያችን። ማንም ጠመንጃ አልደገነበትም። እሺ ብሏል፣ ጣቱንም አትሟል። ፈቃዱን የሰጠው ግን እርሱ ነው ወይስ ራቡ?

የተፈናቀለው ሰው ብቻም አይደለም የተጎዳው። «ባዶ መሬት» የተባለው ቦታ ባለቤት ነበረው። አኙዋኩ፣ ጉሙዙና በርታው ሳይጠየቁ ጎረቤት መጣባቸው። ከተጨነቀ ሰው ተቻኩሎ የተወሰደ ውሳኔ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ተነጋጋሪዎች አልፎ በሦስተኛው ላይም ይወድቃል።

ያኔም ይህን የተናገሩ ነበሩ። የፈረንሳዩ «ድንበር የለሽ ሐኪሞች» ሰፈራው በግድ እየተካሄደና ሰው እየሞተበት መሆኑን በመናገሩ በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ። በሌላ ወገን የሚነሣው ክርክርም ቀላል አይደለም። የወሎ መሬት ተሸርሽሯል፣ ሕዝቡ በዝቷል፣ ዝናቡ አይታመንም፤ ታዲያ ዝም ብሎ ይሙት? አይደለም። ወደ ሌላ ቦታ መዛወር በራሱ ክፉ ላይሆን ይችላል። ከሰፈሩት መካከልም ሥር ሰደው፣ ልጅ አሳድገው፣ ዛሬ ድረስ በፓዌና በሌላ ቦታ የሚኖሩ አሉ። ችግሩ ጥያቄው የቀረበበት ቀንና መንገድ ነው። በመጀመሪያ ይብላ፤ ከዚያ ሽማግሌዎች ሄደው ቦታውን አይተው ይምጡ፤ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይምከር፤ እምቢ ያለም እህሉን አይከልከል። በዚህ መንገድ የተገኘ እሺታ የሰውየው ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ብዙ ሰፋሪዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ወሎ መመለሳቸው የ77ቱ እሺታ የማን እንደ ነበር ይናገራል።

በራብ ቀን የሚመጣው ማን ነው?

ጌታችን 40 ቀንና 40 ሌሊት ጾሞ ተራበ። ፈታኙ የቀረበው በዚያን ጊዜ ነው (ማቴ. 4፥2-3)። በዮርዳኖስ ዳር፣ የአባቱ ድምፅ በተሰማበት ሰዓት አልመጣም። ሥጋው እስኪዝል ጠበቀና ዳቦ፣ ክብርና መንግሥት አቀረበለት፤ ሁሉም «አሁኑኑ» የሚል ነበር። ጌታ አልወደቀም፤ ስለ እኛ ደግሞ ድል ነሣ። የዚህ ታሪክ ትምህርት ለእኛ ግልጽ ነው። የሰውን ድካም ጠብቆ ውሳኔ መጠየቅ የማን ዘዴ እንደ ሆነ በወንጌሉ መጀመሪያ ላይ ተጽፏል።

የእግዚአብሔር መንገድ ሌላ ነው። ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በክትክታው ዛፍ ሥር ሞቱን ሲለምን መልአኩ ስብከት አልጀመረም። ዳቦና ውኃ አቀረበለት፣ አስተኛው፣ እንደ ገና አበላው። እግዚአብሔር በዚያ ምን እንደሚያደርግ የጠየቀው ከ40 ቀን ጉዞ በኋላ በኮሬብ ነው፤ አዲሱን ተልእኮም የሰጠው ያኔ ነው (1 ነገ. 19)። የኢዮብ ወዳጆች እንኳ ኋላ ላይ ቢሳሳቱም በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ያደረጉት መልካም ነበር። ሕመሙ እጅግ ብዙ መሆኑን አይተው ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ (ኢዮብ 2፥13)።

ምናልባት እንዲህ የሚል ወገን ይኖራል፤ «የመዳን ቀን ዛሬ ነው ተብሎ ተጽፎ የለም? ሰው ነገ ቢሞትስ?» ይህ ጥያቄ እውነተኛ ነው፣ በቸልታ ልናልፈውም አንችልም። ወንጌል ይቸኩላል። ለታመመም፣ ላዘነም፣ ለተራበም ዛሬውኑ ሊነገር ይገባል። ግን የፊልጵስዩስን የወኅኒ ጠባቂ እንመልከት። ምድር ተናውጣ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ራሱን ሊገድል ሰይፉን መዟል። ጳውሎስ በዚያች ሰዓት አስቀድሞ ያደረገው ሰውየውን ማረጋጋት ነው፤ ራሱን እንዳይጎዳ ጮኸለት፣ ሁሉም እስረኛ በቦታው እንዳለ ነገረው። አደጋው ካለፈ በኋላ እንዲድን ምን ማድረግ እንዳለበት የጠየቀው ራሱ ጠባቂው ነው። ጳውሎስና ሲላስም ለእርሱና ለቤተሰቡ ሁሉ ቃሉን ነገሯቸው (ሐዋ. 16፥27-32)። በመስቀል ላይ የነበረው ወንበዴም ሳይገፋ ራሱ ነው የለመነው።

መጥራትና ማስጨነቅ ይለያያሉ። ጌታ 5,000 ሰው አብልቶ በማግሥቱ ስለ እንጀራ የተከተሉትን እውነቱን ነገራቸው፤ ብዙዎች ሲመለሱም አልያዛቸውም። 12ቱንም እነርሱ ደግሞ ሊሄዱ ይወዱ እንደ ሆነ ጠየቃቸው (ዮሐ. 6፥66-67)። በሩን ክፍት አድርጎ ጠየቀ። መውጫ በሌለበት የተሰጠ «እሺ» የእምነት መልስ አይደለም።

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው የታወቀ ደብዳቤ ሥጋና ነፍስ፣ ወንጌልና ልማት ተለያይተው እንዳይታዩ አሳስባለች። እውነት ነው፤ ሰው ሙሉ ሰው ነው፣ እንጀራውንም ወንጌሉንም ይሻል። ሁለቱን አብረን መስጠት ይገባናል፤ አንዱን የሌላው ዋጋ ማድረግ ግን አይገባንም። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀይ መስቀልና የእርዳታ ድርጅቶች የተስማሙበት የሥነ ምግባር ደንብም እርዳታ የአንድን ፖለቲካ ወይም ሃይማኖት አቋም ለማራመድ እንዳይውል ይደነግጋል። ይህን ከዓለም ከመስማታችን በፊት ከጌታችን ተምረነው ነበር።

ዛሬ በሐይቅ ዳር

ታሪኩ በ1983 ዓ.ም. አላለቀም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከወለጋ የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ሰዎች በሐይቅ አካባቢ፣ በጃሪና ቱርክ ካምፕ በሚባለው መጠለያ ተቀምጠዋል። ከእነርሱ መካከል ወላጆቻቸው ወይም አያቶቻቸው በሰፈራ ከወሎ የሄዱ ይገኙበታል። አያት በራብ ቀን እሺ አለ፤ የልጅ ልጅ ቤቱ ተቃጥሎበት በአያቱ አገር ስደተኛ ሆኖ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ።

አሁንም በፊቱ ያለው ውሳኔ ነው። ወደ ወለጋ ይመለስ? እዚሁ ይቅር? ልጁን ወደ ዐረብ አገር ይላክ? ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው የካምፓላ ስምምነት ተፈናቃይ መመለስን፣ ባለበት መቀጠልን ወይም ሌላ ቦታ መስፈርን በነፃ ፈቃዱና እውነቱን ዐውቆ እንዲመርጥ ይጠይቃል። ይህ በ1977 ዓ.ም. ያ ገበሬ የተነፈገው ነገር ነው። ወደዚያ እህልና ብርድ ልብስ ይዘን የምንሄድ አማኞችም አንዘንጋ፤ ጭልፋው ዛሬ በእኛ እጅ ነው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በየጉባኤያችን ባሏን በቀበረች በሳምንቱ ቤቷን እንድትሸጥ የምትመከር እህት አለች። ሐዘን ላይ ያለን ወንድም ስእለት እንዲሳል፣ ያለ የሌለ ገንዘቡን እንዲሰጥ የሚገፋ አገልጋይ አለ። ታማሚን መድኃኒቱን ዛሬውኑ ጥሎ እምነቱን እንዲያሳይ የሚያዝዝ አለ። እጮኛዋ የተዋትን ልጅ «ጌታ ተናገረኝ» ብሎ ለሌላ ለማጋባት የሚቸኩል አለ። ሁሉም መልካም የሚያደርጉ ይመስላቸዋል።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። አስቀድመን እናብላ፣ እናሳርፍ፣ አብረን እናልቅስ። ዛሬ መወሰን የሌለበትን ነገር ለነገ እናቆየው። ሰውየው ከቤተሰቡና ከሚያምነው ሰው ጋር እንዲመክር ጊዜ እንስጠው። ውሳኔው ለእኛ ጥቅም ካለው ሌላ አማካሪ እናምጣለት። እምቢ ቢልም ፍቅራችን፣ ጸሎታችንና እርዳታችን እንደማይቀንስ በአፋችን ብቻ ሳይሆን በሥራችን እናሳየው።

አንተ ዛሬ በክፉ ቀን ውስጥ ያለህ፣ አንቺም ጌታን ገና እየፈለግሽ ያለሽ፣ ይህ ቃል ለእናንተ ነው። የሚያስቸኩላችሁን ሰው «ጊዜ ስጠኝ» ብትሉት እግዚአብሔርን እምቢ ማለት አይደለም። እረኛው በጎቹን በስማቸው ይጠራል፣ ፊት ፊታቸውም ይሄዳል፤ ከኋላ በበትር አይነዳም። ድምፁን ስትሰሙ እሺ በሉት። ያን ጊዜ የምትሰጡት መልስ የራባችሁ ሳይሆን የራሳችሁ ይሆናል።

እንጸልይ፦ ጌታ ሆይ፣ በተጨነቀ ወንድማችን ፊት ጭልፋ ይዘን ዋጋ የጠየቅንበትን ቀን ሁሉ ይቅር በለን። በሐይቅ ዳር በድንኳን ያሉትን አስብ፤ እንጀራንም፣ ሰላምንም፣ የራሳቸውን መንገድ በነፃነት የሚመርጡበትን ቀንም ስጣቸው። እኛንም እንደ አንተ መታገሥን አስተምረን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።